የተሰፋው ስልክ

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ግን በሙያው አይጠራውም፤ «ጋሽ ነገ» ነው የሚለው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው «መቼ ልምጣ?» ብሎ ሲጠይቀው ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ነገ።» ሰውየው በነጋታው መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ነገ አልኩህ እኮ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ሁሉ ቀጠሮ ያፈርሳል፣ አዲስ ነገር አይደለም። የኔው ሲያፈርስ ግን ፊቱ ላይ ያለው ደግነት ሰውን ያሳፍራል። ደም ሥሩ ተገታትሮ የገባው ደንበኛ ቁጭ ይላል፣ ስለ ልጆቹ ያወራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ ያለ ሱሪው አመስግኖ ይሄዳል።

ሱቃችን ጠባብ ናት። በሩ አጠገብ የእሱ የስፌት መኪና፣ ከመኪናው ጀርባ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥጉ ላይ ካውያውና እኔ። የእጅ ሥራው የኔ ነው፤ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የተኮማተረውን በካውያ አስተካክላለሁ። እሱ ሁለት ሦስት ስፒል በከንፈሩ ካልያዘ መሥራት አይሆንለትም። ስለዚህ በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራችን ከተነጋገርነው ውስጥ የእሱ ድርሻ ግማሹ «እምም» ነው። ሜትሯ ከአንገቱ አትወርድም፤ ሁለት ቀን አልጋ ላይ አብራን አድራለች። ሰው ሲያስተዋውቁት አስቀድሞ የሚያየው ፊት ሳይሆን ትከሻ ነው። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ቆመን፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ የሟቹን ወንድም ሲያይ ቆይቶ «ቀኝ ትከሻው በሁለት ጣት ዝቅ ይላል» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ቆነጠጥኩት።

እጁ ግን እጅ ነው። ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሚስቱ ስለሆንኩማ ስንቱን ጉዱን ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። ጎባጣውን ቀጥ አድርጎ፣ ቦርጫሙን ቦርጭ አሳጥቶ የሚያለብስ ሰው ነው። ተዘጋጅቶ የተሰፋ ልብስ በየሱቁ ሲንጠለጠል ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች አንድ በአንድ ሲዘጉ የእኛ በር ያልተዘጋው በዚያ እጅ ነው።

አንድ ልጅ አለችን። ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ግን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሚጡ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አባቷ ሱቁን ሊዘጋ ከነበረ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ አንድ ሱፍ ጨርቅ ይዞ መጣ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ፊቱ ልስልስ ያለ፣ ጀርባው ጸጉራም። «ይህ ስታድጊ ካፖርትሽ ነው» አላት። ጨርቁ ሣጥን ገባ። ብል እንዳይበላው በየዓመቱ እየወጣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ተመልሶ ሲታጠፍ፣ ልጅቷ አድጋ ጨረሰች፤ አዋላጅ ነርስ ሆና ተመረቀች። ካፖርቱ ግን አሁንም «ነገ» ነበር።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ያመጣችው ራሷ ሚጡ ናት። ለራሷ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን «አባዬ፣ ደንበኞችህ የሚፈልጉትን ዓይነት ፎቶ አንስተው ይልኩልሃል» ብላ ሰጠችው። ደንበኞች ምን እንደላኩ አላውቅም። እሱ ግን እዚያ ውስጥ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ራሰ በራ ልብስ ሰፊ አገኘ። ሰውየው ያረጀ ኮት ይፈታል፣ ያድሳል፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ባለቤቴ ስልኩን የክር ጣሳው ላይ አስደግፎ አፉን ከፍቶ ያያል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሳይጠሩት ይመጣል፤ ከልብስ ሰፊው ጫማ ሠሪ፣ ከጫማ ሠሪው የዛገ ቢላ የሚያድስ፣ ከቢላው ደግሞ ዛፍ ላይ የምትወጣ ፍየል።

«ምን እያየህ ነው?» እለዋለሁ።

«ሙያ እየተማርኩ።»

«ከፍየሏ?»

«እምም።»

የሰው ስፌት ሲያይ የራሱን ስፌት ረሳ። አንድ ቀን ነገሬ ብዬ ተከታተልኩት፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የሠራው አንድ የሱሪ ኪስ ነው፣ የእሱም አንደኛው ጥግ አልተዘጋም። ድሮ «ነገ» ሲል ቢያንስ ነገ የምትባል ቀን ነበረች። አሁን እሷም ጠፋች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የሚጡ ምደባ ወጣ። የደረሳት ተራራ አናት ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፣ ጠዋት ጠዋት ውሃው ቧንቧ ውስጥ ይረጋል ይላሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥራ ጀምሪ የሚለውን ደብዳቤ ይዛ ሱቅ መጣችና አባቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲህ አባዬ፣ ካፖርቴን» አለችው። አንብቦ ጨረሰ። መልሶ ከመጀመሪያው አነበበ። «ነገ ጨርቁን አወጣለሁ» አለ። እኔ ያን ጊዜ ወገቤን ይዤ ተነሣሁ። ሌላው ሰው ሱሪውን ቢያጣ አሮጌውን ይለብሳል፤ ልጄ ግን የአባቷን ካፖርት ሳትለብስ ብርድ ውስጥ አትገባም ብዬ ማልኩ።

መጀመሪያ ሚጡ ራሷ ሞከረች። ስልኩ ውስጥ የጊዜ ገደብ የሚባል ነገር አለ፤ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ብላ ቆለፈችበት። ሠላሳው ሲሞላ መስታወቱ አመድ ይመስልና «የዛሬው ጊዜዎ አልቋል» ይላል። ከሥሩ ግን «አሥራ አምስት ደቂቃ ይጨመርልኝ» የሚል አለ። እጅ ከፍንጅ ስይዘው «መነጽሬን ሳላደርግ ነው የነካሁት» አለኝ። በዚያ ቀን መነጽሩን ሳያደርግ አሥራ አንድ ጊዜ ነክቶታል።

በመጀመሪያው ሳምንት አጋማሽ ላይ ጥበቃውን እኔ ያዝኩ። ስልኩን ሽርጥ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልናገር አይደል፤ በሁለተኛው ቀን እስቲ ይህ ሰው የሚያየውን እኔም ልየው ብዬ ከፈትኩት። የሰው ቁምሳጥን የምታስተካክል አንዲት ሴትዮ አለች። ትዕግሥቷ አይጣል ነው። ልብሱን ሁሉ እንደ ቀለሙ ስታጥፍ፣ ስትደረድር፣ እኔም ስከተላት ካውያውን የአንድ ሰው ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ረስቼ አቃጠልኩት። ባለቤቴ ሽታውን ተከትሎ ዞሮ አየኝ። በስፒሎቹ መካከል ፈገግ ብቻ አለ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ስልኩን አጠገባችን ላለው ፀጉር አስተካካይ በአደራ ሰጠነው፤ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ እንዲይዝ፣ ማታ ሱቅ ስንዘጋ ብቻ እንዲመልስ። ፀጉር አስተካካዩ የሰው ነገር የሚወድ፣ ለቃሉ ግን የሚታመን ሰው ነው። ባለቤቴም በመጀመሪያው ቀን «ጢሜ አድጓል» ብሎ ሄደ። በማግስቱ «ጎንና ጎኑን አስተካክልልኝ» አለ። በሦስተኛው ቀን የቀረውን አስላጨ። ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ደንበኛ ስልኩን አለመስጠት ነውር ነው ብሎ ነው ለካ የሚሰጠው። በአራተኛው ቀን ራሱ እንደ መዳፍ ሆኖ ተመልሶ ሊሄድ ሲነሣ «አንተ ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ ምንህን ሊላጭህ ነው?» አልኩት። አስተካካዩ ከበሩ ሆኖ «እኔም ግራ ገብቶኛል እትዬ» አለኝ። ስልኩን ይዤው ተመለስኩ።

አሥራ አንድ ቀን ሲቀረን ጨርቁን ከሣጥን አወጣ። ያን ቀን ደስ የሚል ጠዋት ነበር። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ጠረጴዛውን ጠረገ፣ ጨርቁን ዘረጋና በመዳፉ ዳበሰው። በሚጡ ልክ የተሠራውን ካርቶን አስቀምጦ በሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አሰመረ። ጀርባውን ቆረጠ። እጅጌዎቹን ቆረጠ። የፊቱን ግራ ቆረጠ። መቀሱ ወፍራም ሱፍ ሲቆርጥ የሚያወጣው ድምፅ አለ፣ ሰማሁትና ልቤ ቅቤ ጠጣ። ስልኩም መልሶ የክር ጣሳው ላይ ተደግፎ ነበር። ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት፤ ራሰ በራው ሰውዬ በዝምታው እየሠራ፣ የኔውም እየሠራ።

ልብስ የቆረጠ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ላስረዳ። የፊቱ ግራና ቀኝ የሚቆረጡት በአንድ ካርቶን ነው። ግራው ሲያልቅ ካርቶኑን ገልብጦ ቀኙን መቁረጥ ነው። ይህን መገልበጥ ልብስ ሰፊ በእንቅልፍ ልቡም አይስተውም። ባለቤቴ ካርቶኑን አልገለበጠም።

መቀሱ ዝም ሲል ቀና አልኩ። ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል። ሁለቱም ግራ ናቸው። አንዱን ገለበጠው፤ ያኔ ጸጉራሙ ጀርባ ወደ ላይ ሆነ። እንደገና መለሰው። ከዚያ ስፒሎቹን ከከንፈሩ አንድ በአንድ አውጥቶ የስፒል መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካና ተቀመጠ። የቀረው ጨርቅ ቅዳጅ ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ ቀኝ አይወጣውም። እንደዚያ ያለ ጨርቅ ደግሞ ገበያ ላይ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ይኸው ነው።

ለሦስት ወር ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ፤ ቃል በቃል የተዘጋጀ። አፌን ልከፍት ስል ሁለተኛውን ግራ በመዳፉ ሲዳብሰው አየሁት። ዝም አይነቅዝም ብዬ ሻይ ላመጣለት ወጣሁ፣ በሩ ውጪ ቆሜም ትንሽ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሱቅ ስገባ ቀድሞኝ ገብቶ ሠርቷል። ትርፉን ግራ ለሁለት ሰንጥቆ፣ የጎደለውን ከቅዳጁ ቀጥሎ፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ ወርዶ የሚሄድ አንድ ስፌት ያለበት ቀኝ አውጥቷል። እንዲመሳሰል ደግሞ ደህናውን ግራም በመሃሉ ሰንጥቆ መልሶ ሰፍቶታል። ደህና ነገር መሰንጠቅ ልብስ ሰፊን ምን ያህል እንደሚያመው እኔ አውቃለሁ። ያን አሳይቶኝ ሲያበቃ ከገበር ትርፍ የሰፋትን ትንሽ ከረጢት አነሣ። ስልኩን ከተተ። ክሩን በሰም አሽቶ፣ ድርብ አድርጎ፣ ከረጢቷን ዙሪያዋን በእጁ ይሰፋት ጀመር። ጥቃቅን ስፌት ነው፣ ለሠርግ ልብስ የሚሰፋ ዓይነት።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየዘጋሁት። አሁን ካማረኝ መተርተር አለብኝ።»

ስቄ ልሞት ነበር። ከዓለም ሁሉ እሱ የሚጠላው ነገር ስፌት መተርተር ነው። ሦስት ሱሪ አዲስ ስፋ ቢሉት ይመርጣል እንጂ አንድ እጅጌ ተርትር ቢሉት ፊቱ ይጠቁራል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በምላጭ የሚተረተር ነገር ሁሉ ወደ እኔ ጥግ ነው የሚወረወረው። ሕጉንም ራሱ አወጣ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ራሱ ተርትሮ ይከፍታል፣ ግማሽ ሰዓት ያያል፣ ራሱ መልሶ ይሰፋል። እኔ ምላጭ ላበድረው እችላለሁ እንጂ ልተረትርለት አልችልም። የሚፈልገን ሰው ወደ እኔ ባለ ቁልፏ አሮጌ ስልክ ይደውላል።

በመጀመሪያው ቀን ከረጢቷን አምስት ስድስት ጊዜ እያነሣ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ ዳሰሳት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ምላጭ ተቀብሎ እየተነጫነጨ ተረተረ፣ ሲያይ ቆየና ሰፋ። በሁለተኛው ቀን ለመተርተር ሃያ ደቂቃ ፈጀበት፤ ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ስፌቱን አጥብቆት ነበር። በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ምላጩን አቀበልኩት፣ ከረጢቷን አየት አደረገና «ለእሱ ሲሉ ማን ይተረትራል» ብሎ ወደ መኪናው ዞረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ አላረፈችም። ከመደርደሪያው ሥር ምን እንደነበር ራሴም ረስቼው ነበር፤ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ባለቤቱ ከወፈረ የቆየ ሱሪ፣ የጎረቤት መጋረጃ፣ ሙሽራዋ አንድ ልጅ ወልዳ የጨረሰችበት የሚዜ ልብስ። ሁሉም ወጣ፣ ተሰፋ፣ ተተኮሰ፣ ተንጠለጠለ። እኔ በቁልፍና በጠርዝ ጣቴ ቆሰለ። አንድ ጡረተኛ መምህር ኮቱን ሊጠይቅ፣ ማለትም እንደ ልማዱ ሊቆጣና ሻይ ሊጠጣ መጣ። ኮቱን ታጥፎ ሰጠነው። እቅፍ አድርጎ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ የሚቀመጥበት ምክንያት አጣ። «ደህና ናችሁ ግን?» ብሎን ሄደ። ፀጉር አስተካካዩም «ጋሽ ነገ ሞተ፣ ከእንግዲህ ጋሽ ዛሬ ነው» ብሎ አወጀ።

እኔ የልብ ልብ ተሰማኝ። አሸነፍን አልኩ። ባሌን ከዚያች መስታወት ነጠቅኩት ብዬ ተኩራራሁ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ስልካችሁን ስፉ እያልኩ መካሪ ሆኜ ነበር።

አራት ቀን ሲቀር ነው የነቃሁት። ካፖርቱ ሰው መሳዩ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ደረቱ ተሰፍቷል፣ ኮሌታው ቆሟል፣ ገበሩ ገብቷል። እጅጌዎቹም ለብቻቸው ተሰፍተው ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል። ካፖርቱ እጅጌ አልነበረውም። በትናንትናውም ቀን አልነበረውም፣ ከትናንት በስቲያም አልነበረውም። እጅጌ መግጠም ለሌላ ሰው ከባድ ነው፣ ለእሱ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ምን ይሠራል? የፀጉር አስተካካዩን ሽርጥ ጠርዝ ይጠግናል። ማንም አልጠየቀውም።

«ስፒሎቹን አውጣና አናግረኝ» አልኩት።

አወጣቸው።

«ስልኩ ተሰፍቷል።»

«ተሰፍቷል።»

«መደርደሪያውም እያለቀ ነው።»

«እያለቀ ነው።»

«ታዲያ የልጅቷ እጅጌ ምን በደለህ?»

ሽርጡን አጣጥፎ አስቀመጠ። መልሶ ዘረጋው። «እጅጌው ከገባ እኮ ያልቃል» አለ።

«እንዲያልቅ አይደል እንዴ የምንሰፋው?»

«ካለቀ ትሄዳለች።»

ለሦስት ወር ሌባው ስልኩ ነው ስል ከርሜ ነበር። ሳስበው ግን ስልኩ እጁ የገባው ልጅቷ በተመረቀች ወር ነው፣ ጭራሽ የተጣበቀበት ደግሞ ምደባ ትጠብቅ በጀመረችበት ሳምንት ነው። ስልኩ መደበቂያው ነበር። አሁን መደበቂያውን በሰም ክር ዘግቶ፣ ከዚያ በሰው መጋረጃና በሰው ዚፕ ተደብቆ፣ ይኸው መጨረሻ ላይ ከሁለት እጅጌ ጋር ፊት ለፊት ቀርቷል። እኔስ ብሆን? ቀኑን ሙሉ ስልኩን ስራገም መዋሌ ደግ ሆነልኝ እንጂ፣ የሚጡ አልጋ ባዶውን ሲያድር ምን እንደምሆን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላሰብኩም።

«ካፖርቱ ባያልቅም ትሄዳለች» አልኩት። «ልዩነቱ ብርዱ ነው።»

ከዚያ ተነሥቶ ግራውን እጅጌ አነሣ። ከትከሻው ጋር አገጣጥሞ በስፒል መያዝ ጀመረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔም ቀኙን ያዝኩለት። ፀሐይዋ ከበሩ ሳትሸሽ ሁለቱም ገቡ።

ሚጡ በማግስቱ ለልክ መጣች። አባቷ መስታወቱ ፊት አቆማት። «እጅሽን ዘርጊ» አላት፣ ዘረጋች። «አውርጂ።» አወረደች። «ዙሪ።» ዞረች። በዙሪያዋ ሲዞር ሳየው ፊቱ የሥራ ፊቱ ነበር፣ ዓይኑ ግን የሥራ ዓይን አልነበረም። ልጅቷ ፊት ለፊቷን እያየች በደረቷ የሚወርደውን ስፌት በጣቷ ተከተለችው።

«ይህ አዲስ ፋሽን ነው አባዬ?»

ነው ሊላት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም፣ እንዲያውም ያምራል። «አይደለም» አላት። «ሁለት ግራ ቆርጬብሽ ነው። ስልክ እያየሁ።»

መጀመሪያ አላመነችም። አንተ ሁለት ግራ ቆረጥክ ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ዓይኗ ውስጥ ውሃ ሆነ። «እኔ አይደለሁ ስልኩን የሰጠሁህ» አለችው።

«አንቺ የሰጠሽኝ ስልክ ነው። ዓይኔን ከጨርቁ ያነሣሁት እኔ ነኝ።» የኮሌታዋን ጫፍ አስተካከለ። «ስትሄጂ ላለማየት ነበር። ይኸው አሁን አየሁሽ፣ አልሞትኩም።»

አቀፈችው። ስፒል ከተሰካበት ካፖርት ጋር ነው ያቀፈችው፤ ሁለቱም ተወጉ፣ ሁለቱም አልለቀቁም።

የሄደችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መናኸሪያው ይሞቅ ነበር፣ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ነው። እሷ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ቆማለች። «አውልቂው ልጄ፣ እዚያ ስትደርሺ ትለብሺዋለሽ» ብላት ወይ ፍንክች። አባቷ በቀኝ ትከሻዋ ላይ እጁን አሳረፈ። ትከሻው አንዳች ችግር የለበትም፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። አውቶቡሱ ሞተር እስኪያስነሣ ድረስ እጁን አላነሣም። ከዚያ ወጣች፣ በመስኮት እጇን አወዛወዘች፣ ሄደች። እኔ አለቀስኩ። እሱ ከልጅቷ በቀር ማንም የማይታየው ይመስል መንገዱን ሲያይ ቆይቶ፣ የኔን የእጅ ቦርሳ ተሸክሞልኝ ወደ ቤት መራኝ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ ከፈትን። ሁለት ሱሪ ነበር የቀረው። አንደኛውን አሳጠረ፣ የሌላውን ወገብ አጠበበ፣ እኔ ጠርዛቸውን ዘመዘምኩ፣ ተኮስኩ፣ ሰቀልኳቸው። መደርደሪያው ላይ አንድም ጨርቅ የለም። ከተጋባን ጀምሮ ግድግዳው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ያየሁት ያኔ ነው። ሰዓቱን ሳይ ገና አራት ሰዓት ነው። መኪናዋ ዝም ብላለች፤ ከጎረቤት የፀጉር አስተካካዩ መቀስ ብቻ ይሰማል።

ባለቤቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በከንፈሩ ስፒል የለም። ውጪውን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ቀኑ ሁልጊዜም እንዲህ ረጅም ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ነበር» አልኩት፣ እንዳወቀ ሰው። ወንበሬን ጎትቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እኔም ያወቅኩት ገና ያን ዕለት ነው።